ልጄ ሰው አያውቅበትም፣ እኔ ግን ተመስገን እላለሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ረጅም ነው። ላሳጥረው ሞከርኩና ተውኩት፤ ሲያጥር ልጁ ጠፋብኝ። ስለዚህ ሌሎች ጥያቄዎችን ለሚቀጥለው አሳድሬ እሱን እንዳለ አወጣሁት። ከኮምቦልቻ የመጡ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ከሥሩ አሉ።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ የምሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ይቺንም መናኸሪያ ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ በስልኬ ነው የጻፍኳት፤ ስህተት ካለ ያርሙልኝ።

የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። የመጀመሪያዬ ነው፣ 7ኛ ክፍል ደርሷል። ልጁ እንዴት ልበልዎት፣ ሰው አያውቅበትም። ሰላምታ አይችልም። የእኛን አገር ሰላምታ ያውቁታል። እንዴት ነህ፣ ደና ነህ፣ ቤተሰብ ደና፣ ከብቱ ደና፣ አዝመራው ደና እየተባለ እስኪያልቅ የተቀዳው ሻይ ይቀዘቅዛል። የእኔን ልጅ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ትናንት ሆዴን አሞኝ ነበር፣ ዛሬ ተሽሎኛል፣ የግራ ጫማዬ ይጠበኛል» ብሎ ይመልስና ዝም። መልሶ አይጠይቅም። ለምን አትጠይቅም ስለው «ደና መሆናቸውን እያየሁ?» ይለኛል። ሊስሙት ሲመጡ ደግሞ ትከሻውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይላል። አክስቱ በዚህ ተቀይማ እስካሁን ቤታችን ስትመጣ እሱን ዘላ ነው የምትቀመጠው። እሱ መቀየሟን እንኳ አላወቀም፤ «አክስቴ መሳም ተወች፣ ጎበዝ» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤት ለቅሶ ይዤው ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ልጄ ድምፁን ሳይቀንስ «አባ፣ ይቺ ሴትዮ ሟቹን ሌባ ትለው አልነበር እንዴ? ለምንድን ነው የምታለቅሰው?» አለኝ። እትዬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይወጣል። ጋቢና ይቀመጣል። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ወደ ኋላ ይዞርና ለተሳፋሪው «አሁን ጆሯችሁ ሊደፈን ነው፣ ምራቃችሁን ዋጡ» ይላል። ማንም አልጠየቀውም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት፣ ይህን ሁሉ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ስለምንወርደው ነው እያለ ያስረዳቸዋል። ግማሹ ይስቃል። ግማሹ «ምን ሆኖ ነው?» በሚል ዓይን እኔን በመስታወት ያየኛል። እኔም «ይቅርታ፣ ልጅ ነው» እላለሁ።

ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቆጥሮ ደብተር ላይ ጽፎታል። ቁጥሩን በየሳምንቱ ያስተካክለዋል፤ እውነተኛ ጠመዝማዛ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ሕጉን ስለሚቀይር። መጀመሪያ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ይጽፍ ነበር። አሁን ከኋላ የተጫነው ዕቃ ካልተንሸራተተ አይቆጥረውም። «ዕቃ ያልተጫነ ቀንስ?» አልኩት ለቀልድ። ሦስት ቀን አሰበበት፣ ምግብም ቀነሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ከዓመት ወዲህ መርሳት ጀምራለች። አባቴ ሰኞ ገበያ እህል ይነግድ ነበር፤ ከሞተ 20 ዓመት ሊሆነው ነው። እሷ ግን ማታ ማታ «ከገበያ አልተመለሰም?» ትላለች። ብንመልስላትም ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። እኔ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ይቀየራል። ባለቤቴ አምስተኛው ላይ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። ልጄ ከትምህርት ቤት ይመጣና አጠገቧ መደብ ላይ ቁጭ ይላል። ስትጠይቀው «ዛሬ ረቡዕ ነው እማ፣ ገበያው ሰኞ ነው» ይላታል። «እውነትህን ነው» ትልና ዝም ትላለች። ደግማ ትጠይቃለች። በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ ይመልስላታል። አንድ ማታ ቆጠርኩ፤ ራት እስኪቀርብ 19 ጊዜ። አንዴም አልሰለቸውም፣ አንዴም አልዋሸም።

ሰኞ ሲሆንስ ምን ሊላት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ልጁ መዋሸት አይችልማ። ሰኞ ማታ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። «ከገበያ አልተመለሰም?» አለችው። «አልተመለሰም እማ» አላት። ሌላ ምንም። እጁን ያዘችው። ሰው ሲነካው የሚሸሽ ልጅ እጁን ለሷ ትቶላት ተቀምጧል። እኔ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና፣ ወላሂ ልንገርዎት፣ አለቀስኩ። ከሐዘን አይደለም። ተመስገን ነው ያልኩት።

ዘመድ ግን አላስቀመጠኝም። የእኔ ወገን ሙስሊም ነው፣ የባለቤቴ ክርስቲያን፤ ስለዚህ ምክሩም እጥፍ ነው። ከወዲህ ዱአ ይደረግለት ይላሉ፣ ከወዲያ ጸበል ይግባ ይላሉ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በስልክ «ይሄማ አስፐርገር ነው፣ አሳክመው እንጂ» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት «እኛ ስናልፍ ማን አለው?» እያለች ታለቅሳለች። ለሷ ተመስገን ብዬ ብነግራት «አንተማ መንገድ ላይ ነህ፣ ምን አለብህ» አለችኝ። ልጁን እንዳለ ነው የምወደው። ማዘን ሲገባኝ ማመስገኔ ጥፋት ነው? ዓይኔን ጨፍኜ እየጎዳሁት ይሆን?

የደሴው ሹፌር

መልስ፦

አብሽር። አንተ ልበልህ፤ የ13 ዓመት ልጅ አባት የእኔ ልጆች እኩያ ነው።

ጥፋት አይደለም። ማመስገን ሲገባህ ማዘንህን ብትጽፍልኝ ነበር የምቆጣህ። ግን ደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ያልወደድኳት ቃል አለች። ወደ እሷ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የአጎትህን ልጅ ላሰናብት። አስፐርገር የሚባለው ስም የቪየና ሐኪም ስም ነው። ሰውየው በ1944 እ.ኤ.አ. እንደ ልጅህ ያሉ፣ ስለሚወዱት ነገር እንደ አስተማሪ የሚያስረዱ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት ግን የሚቸግራቸው ልጆችን ገልጾ ጻፈ። ስሙ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆየ። በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 2005 መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ስም ለብቻው ማስቀመጡን ትተው ኦቲዝም ከሚለው፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ልዩነትን ከሚይዝ ሰፊ ስም ሥር ጠቀለሉት። ሰፊ ያልኩት ጨርሶ የማይናገረውንም፣ ከኛ በላይ የሚያወራውንም ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ዘመድህ የጠራው የድሮውን ስም ነው፤ በስልክ መጥራቱ ግን ድሮም ዛሬም ስህተት ነው።

እኔም በደብዳቤ አልጠራውም። ዓይን አፋር ልጅ አለ፣ ጸባዩ ለየት ያለ ልጅ አለ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። የሚለየው ሐኪም ጊዜ ወስዶ ልጁን ሲያናግር፣ እናትና አባትን ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠይቅ ነው። መቼ አፉን ፈታ፣ በምን ይጫወት ነበር፣ ድምፅ ይረብሸዋል ወይ፣ የለመደው ነገር ሲቀየርበት ምን ይሆናል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። የደም ምርመራ የለውም። በራጅም አይታይም። ይህን የምነግርህ ገንዘብህን እንዳይበሉህ ነው። ሐኪም ጋ መውሰዱን ግን እደግፋለሁ፤ የሕፃናት ሐኪም ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሳየው። የምትወስደው እንዲለውጡልህ አይደለም። ነገ አንድ አስተማሪ «ባለጌ ነው፣ ሲጠሩት ዓይን አያይም» ብሎ ሲገርፈው በእጅህ የምትይዘው ወረቀት እንዲኖርህ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀጣው ባልገባው ነገር ነው፣ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ኦቲዝም ቢሆንም የሚያድን መድኃኒት የለውም። አለኝ የሚልህን ሽሸው። አነጋገር ማለማመድ፣ ከሰው ጋር መኗኗርን ደረጃ በደረጃ ማስተማር፣ ይሄ ነው የሚጠቅመው። ስለ ዱአውና ስለ ጸበሉ ምን እላለሁ? ሁለቱም ደጅ የወሎ ደጅ ነው። በአንተ በኩል ሴት አያቱ ቡና አፍልታ ዱአ ብታደርግለት፣ በእናቱ በኩል ያለችው ጸበል ብታጠጣው ማን ይጎዳል? ነገር ግን ሰው ሲነካው የሚሸሽ ልጅ ነው። በደሴ ብርድ አራት ሰው ይዞት ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስበት ከሆነ ግን፣ ይቅርብኝ በል። እንደዚያ ዓይነቱን ነገር ለዓመታት አይረሳውም።

ባለቤትህ ጎን ሆኜ ትንሽ ልናገር። «አንተማ መንገድ ላይ ነህ» ያለችህ እውነቷን ነው። አንተ ቅዳሜን ነው የምታየው። ወላጅ ስብሰባ የምትጠራው እሷ፣ ልጁ ድግስ ላይ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ የሴቶቹን ሹክሹክታ የምትሰማው እሷ። ከዚህም በላይ እናት ናትና «ምን በድዬ ነው? ነፍሰ ጡር ሳለሁ ምን በልቼ ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አትቀርም። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ካስተዋወቀ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የእናቶች ነው ተባለ። ልባቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ልጃቸውን ስላላቀፉ ነው ተባለ። በሐኪም አፍ ነው ይህ የተባለው። ስንቷ እናት በዚህ ተቃጠለች። ኋላ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። አብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው፣ አእምሮ ገና በማሕፀን ሲሠራ የሚጀምር ነው። ክትባትም አያመጣውም። ለባለቤትህ ይህን አንብብላት።

በእኛ አገር ይህን ጉዳይ ከጓዳ ወደ አደባባይ ካወጡት አንዷ ዘሚ የኑስ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ያኔ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጥ ክፍል ያስገባ ነበር። አንተ ጋቢና አስቀምጠኸዋል። ልዩነቱ ታየህ?

«እኛ ስናልፍ ማን አለው?» ለሚለው። ባለቤትህ የምታለቅሰው ለ13 ዓመቱ ልጅ አይደለም፣ ለ40 ዓመቱ ሰውዬ ነው። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንባውን ተውትና ሥራ አድርጉት። ሽሮ ይሥራ። ዳቦ ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ይምጣ። ልብሱን ይጠብ። ሲጠፋበት ማንን እንዴት እንደሚጠይቅ ይወቅ፤ ይህቺን ደጋግማችሁ በተግባር አለማምዱት፣ በምክር ብቻ አይሆንም። ጓደኛ ደግሞ ብዙ አይፈልግም፣ አንድ ይበቃዋል። በሰላምታ በኩል አታገኝለትም፤ በሚወደው ነገር በኩል ፈልግለት። መናኸሪያ አካባቢ ያ ጎሚስታ የለም? ጎማ ስንት ንፋስ እንደሚይዝ፣ የቱ ጎማ በየት በኩል እንደሚበላ ቀኑን ሙሉ ማውራት የሚችል ሰው። አንድ ከሰዓት እዚያ አስቀምጠው። ምናልባት ሲመሽ ልትወስደው ስትመጣ እንቢ ይልሃል።

ሰላምታውን በተመለከተ። ልጁ «እንዴት ነህ?»ን ጥያቄ ነው ብሎ ስለያዘው ነው የሚመልሰው፣ ስለ ጫማው ጭምር። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ አስረዳው ነበር። አባትህ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ክላክስ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ከወዲያ የሚመጣው ሰው ስለማይታየው አለሁ ለማለት ነው። ያኛውም መልሶ ያደርጋል። ማንም ቆሞ «ምን ፈልገህ ነው?» አይለውም። «እንዴት ነህ?» ማለት ክላክስ ነው። «ደና፣ እርስዎስ?» ብሎ መመለስ የሱ ክላክስ ነው። አለቀ። ሆዱን ያመመው ቀን ለአንተና ለእናቱ ይነግራል። ሕግ የሚወድ ልጅ ነው፤ ሕጉን ከነምክንያቱ ስጠው እንጂ «ነውር ነው» ብቻ አትበለው። ነውር ማለት ለሱ ምንም ማለት አይደለም።

መሳሙን ግን አታስገድደው። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ለኛ ፍቅር ነው፣ ለአንዳንዱ ልጅ ግን ቆዳው ላይ ሸካራ ነገር እንደሚፈተግ ነው። ደግነቱ የእኛ አገር መውጫ አዘጋጅቶለታል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይበል። ሼኹም ቄሱም ይቀበሉታል፤ እንዲያውም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ሊሉት ይችላሉ። ለአክስቱ ደግሞ አንተ ራስህ ሄደህ ንገራት። ልጁ ስላልወደዳት አይደለም፣ ማንንም አይስምም፣ ከአያቱ በቀር እጁን የሚሰጠው ሰው የለም በላት። ቂሟን ካልተወች እንግዲህ ዘላው ትቀመጥ።

ለቅሶው። ሳቅኩ፣ ይቅር በለኝ። ልጁ የጠየቀውን ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሆዱ ጠይቆት ነበር። ለሚቀጥለው ግን ደብተሩን ይዞ ይሂድ። ድንኳን ውስጥ የመጣ ጥያቄ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ቤት ሲደረስ ይመለሳል። መልሱን ደግሞ አታድበስብሰው፤ ሰው የተጣላውንም ሰው ሲሞት ሊናፍቀው ይችላል፣ ምናልባት ሳይታረቁ ስለቀሩ ነው ያለቀሰችው በለው። አይገባውም ብለህ እንዳትተወው።

አሁን ያልወደድኳት ቃል። «ይቅርታ፣ ልጅ ነው።»

ልጁ ለተሳፋሪው የነገረው እውነት ነው። ስንወርድ የውጪው አየር ግፊት ይጨምራል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ምራቅ ሲዋጥ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ይከፈትና ይስተካከላል። ይህን የማያውቅ ስንት ትልቅ ሰው ጆሮውን በጣቱ እየጎረጎረ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ታዲያ ይቅርታው ለምኑ ነው? ቤት ውስጥ ተመስገን፣ መንገድ ላይ ይቅርታ? ምስጋናህን መኪና ውስጥ ተደብቀህ ነው ያልከው፤ ይቅርታህን ግን በሰው ፊት፣ በየቅዳሜው፣ እሱ አጠገብህ ተቀምጦ እየሰማ። ጠመዝማዛ የሚቆጥር ልጅ ይሄን አይቆጥርም ብለህ ነው?

ብዙ አልጠይቅህም። አንድ ፊደል ለውጥልኝ። ጅን ጄ አድርጋት። «ይቅርታ፣ ልጅ ነው» የሚለው ቀርቶ «ልጄ ነው» ይሁን። በመስታወት ሲያዩህ «ልጄ ነው» በልና መሪህን ያዝ። ቀሪውን እሱ ራሱ ያስረዳቸዋል።

ስለ እናትህ ሳልናገር አላልፍም። የሚረሱ ሰዎችን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች ምን ተብለው እንደሚማሩ ታውቃለህ? አትከራከሩ፣ «አሁን ነገርኩሽ እኮ» አትበሉ፣ ባጭሩ በተረጋጋ ድምፅ መልሱ። ልጅህ ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ የሚሰለቸን ሌላ መልስ ስለምንፈልግ ነው፤ እሱ አንድ ነገር በዚያው ቃል መመለሱ ይመቸዋል። እና ያ የሰኞው «አልተመለሰም እማ» የሚለው መልስ። እኔ 30 ዓመት ስጽፍ እንደሱ ያለ አልጻፍኩም። ሳይዋሽ፣ ሳያቆስል። ቢሆንም 19ኙንም ለሱ ጥላችሁ እንዳትሸሹ፤ እሱ ስለማይሰለቸው ብቻ የቤቱ አስታማሚ አይሁን። ባለቤትህ ማድ ቤት ስትገባ አንተ ተቀመጥ፣ መልሱን ከሱ ተማር። እናትህንም ሐኪም ያያቸው። መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም። የእንቅርት እጢ ችግር፣ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያስረሳል፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ጥያቄ፦

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። ስሙን ስጠራው አይዞርም። «እማ» ይል ነበር፣ ተወው። አማቴ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ አባቱም እንደዚያው ነበር ትላለች። ልጠብቅ?

መልስ፦

አትጠብቂ የኔ ልጅ። አማትሽን አክብሪ፣ ልጁን ግን በዚህ ሳምንት ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም፤ ሳይታወቅ ስንት ዓመት የሚያልፍ አለ። ሐኪሞች የሚያዩት ልክ አላቸው። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል የማይል፣ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ መታየት አለበት። ከሁሉም በላይ ያስቸኮለኝ «ይል ነበር፣ ተወው» ያልሽው ነው። የነበረውን ንግግር ያጣ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን ቶሎ ነው የሚታየው። ምንም ላይሆን ይችላል። ከሆነም በዚህ ዕድሜ የተጀመረ እርዳታ ዘግይቶ ከሚጀመረው ብዙ ይሻላል። ፈቃድ ለመጠየቅ አለቃሽን የምትፈሪ ከሆነ አባቱ ይውሰደው፤ እሱም ዘግይቶ አፉን ፈትቶ የለ፣ አሁን ይናገርበት።

ጥያቄ፦

አስተማሪ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። አንዲት ተማሪዬ በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ ብቻዋን ናት፣ አጥር ሥር ተቀምጣ ትሥላለች። ከሌሎቹ ጋር እንድትጫወት ላስገድዳት?

መልስ፦

አታስገድዳት። ጠይቃት። ብቻዋን መሆን ደስ ብሏት ነው ወይስ መግባት ፈልጋ አቅቷት ነው? ደስ ብሏት ከሆነ ጠዋት ሙሉ 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ተጨናንቃ ነው የወጣችው፣ ትረፍ። አቅቷት ከሆነ «ሂጂ ተጫወቺ» አትበላት፣ እንዴት እንደሚገባ አታውቅማ። ሥራ ስጣት። የክፍሉን ግድግዳ ከሌላ አንዲት ልጅ ጋር ትሣለው። ሁለት ልጆች አንድ ቀለም ሲካፈሉ ሳይፈልጉም ያወራሉ። የሚያሾፍባት ካለ ግን ቆንጠጥ የምታደርገው እሱን ነው።

ለደሴው ሹፌር አንድ የቀረኝ አለ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ እሑድ ለሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሌላ መኪና ነው፣ አትቀየም። ጠመዝማዛውን ልቆጥር ጀመርኩ። ምራቄንም ዋጥኩ፣ ሠራ። ቁጥሩን ግን አልጨረስኩም፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሽበቴን እያዩ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝና እስክመልስላቸው ስንት ላይ እንደነበርኩ ጠፋብኝ። ልጁ የደረሰበትን ቁጥር ላክልኝ። ዕቃ ያልተጫነ ቀን ምን እንደሚደረግ የወሰነውንም ጨምረህ።